ሐኪም ወርቅነህ እሸቴና የባዕድ አገር ጋዜጦች

የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ ማንበብ ለወጣት መልካም ስንቅ ነው። እኛ የስሜንና የወገራ ልጆች ስለ ሆንን የጀግና ታሪክ እንግዳችን አይደለም፤ አያቶቻችን ስለ ዘመቻ ሲያወጉ እየሰማን አድገናል። በዚህ ዓመት መጽሔታችን ታሪኩን የምናቀርብላችሁ ሰው ግን ዋና መሣሪያው ብዕርና ወረቀት ነበረ። ይኸውም በጎንደር ተወልዶ፣ ገና በሕፃንነቱ ከወላጆቹ ተለይቶ፣ በህንድ አገር አድጎ፣ በዘመናዊ ሕክምና ከተመረቁት ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው የሆነው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነው።

የዚህ ሰው ታሪክ ከእኛ አገር ጋር የሚገናኝበት አንድ ጊዜ አለ። በ1928 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት የራስ እምሩ የጎጃም ጦርና የደጃዝማች አያሌው ብሩ የስሜንና የወገራ ጦር በዳባትና በደባርቅ በኩል አልፎ፣ የሊማሊሞን ገደል ወርዶ፣ ተከዜን ተሻግሮ ወደ ሽሬ ዘመተ። ከነዚያ ዘማቾች ብዙዎቹ ለንደን ስለምትባል ከተማ ሰምተው አያውቁም ይሆናል። ነገር ግን በዚያው ወራት በለንደን የሚታተሙ ጋዜጦችና መጽሔቶች በየቀኑ ስለ እነሱ ይጽፉ ነበር። አንዱ አረመኔዎች ናቸው ይላል፤ ሌላው እርስ በርሳቸው የሚፋጁ ነገዶች እንጂ አንድ ሕዝብ አይደሉም ይላል፤ ሌላው ደግሞ ቅኝ ገዥ ቢመጣላቸው ይሻላቸዋል ይላል። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም እንዲሉ፣ ለዚህ ሁሉ መልስ የሚሰጥ አንድ ባለቤት በዚያች ከተማ ያስፈልግ ነበር። እሱም የሰባ ዓመት ሽማግሌው ሐኪም ወርቅነህ ነበሩ።

ልደትና ስደት

ወርቅነህ በ1857 ዓ.ም. ገደማ በጎንደር ከተማ ተወለደ። ያን ጊዜ የዐፄ ቴዎድሮስ መንግሥት ወደ መጨረሻው ተቃርቦ ነበር። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር በንጉሠ ነገሥቱ ጦር ተዘረፈች፤ ተቃጠለችም። የወርቅነህም ቤተ ሰብ ወደ መቅደላ ከሄዱት ወገን ነበረ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝና ዐፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ከመስጠት ሞትን ሲመርጡ፣ በአምባው ላይ በተነሣው ሽብር ሕፃኑ ከወላጆቹ ጠፋ። ቻምበርሌን የሚባል እንግሊዛዊ ኮሎኔል ወሰደውና ይዞት ወደ ህንድ ተሻገረ።

ከመቅደላ የተወሰደው ሕፃን ወርቅነህ ብቻ አልነበረም። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በሰባት ዓመቱ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ የስሜኑ ገዥ የደጃዝማች ውቤ ልጅ ስለ ነበሩ፣ ዓለማየሁ በእናቱ በኩል የእኛው የስሜን የልጅ ልጅ ነው። የእንግሊዝ ጋዜጦች ስለ ልዑሉ ብዙ ጻፉ፤ ፎቶግራፉንም ብዙ ሰው አየው። ሆኖም ሌሎች ስለ እሱ ጻፉ እንጂ እሱ ስለ ራሱ የሚናገርበት ዕድል አልተሰጠውም። በ1872 ዓ.ም. በዐሥራ ስምንት ዓመቱ በባዕድ አገር ሞተና በዊንድሰር ተቀበረ። ወርቅነህን ግን ያን ጊዜ ማንም ጋዜጣ አላወቀውም። ያልታወቀው ሕፃን አድጎ ለአገሩ አፍ ሆነ፤ የታወቀው ሕፃን ድምፁ ሳይሰማ አለፈ።

ኮሎኔል ቻምበርሌን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስለ ሞተ፣ ማርቲን የሚባል ሌላ መኮንን ለልጁ የትምህርት ወጪ መክፈል ጀመረ። ከዚህ የተነሣ ልጁ የሁለቱን አሳዳጊዎቹን ስም አጣምሮ ቻርልስ ማርቲን ተባለ። በህንድ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረ፤ ከዚያም ላሆር ወደሚገኘው የሕክምና ትምህርት ቤት ገብቶ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው በ1874 ዓ.ም. ተመረቀ። ቀጥሎም ወደ ስኮትላንድ ተሻግሮ ትምህርቱን አሻሻለና በእንግሊዝ መንግሥት ሥር በበርማ ሐኪም ሆኖ ተቀጠረ። የራሱን ቋንቋ አያውቅም፤ ወላጆቹ ይኑሩ ይሙቱ አያውቅም፤ አበሻ መሆኑን ግን አልረሳም።

ወደ አገር መመለስ

በየካቲት 1888 ዓ.ም. የዓድዋ ድል ሲገኝ የዓለም ጋዜጦች ሁሉ ስለ ኢትዮጵያ ጻፉ። በበርማ የሚኖረው ሐኪምም የተወለደበት አገር ነጻነቱን በደሙ እንዳስከበረ ሲሰማ ወደ አገሩ የመመለስ አሳብ ያዘው። በ1892 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ደርሶ ከዐፄ ምኒልክ ፊት ቀረበ። ታሪኩ ሲወራ ከመቅደላ የጠፋ ልጅ ያላቸው ዘመዶች መጡ፤ አያቱም በገላው ላይ የነበረውን የሕፃንነት ጠባሳ አይተው የልጃቸው ልጅ መሆኑን አወቁ። ወርቅነህ የሚለው ስሙም ተመለሰለት። እንግዲህ ከዚህ በኋላ ሐኪም ወርቅነህ እያልን በአክብሮት እንጠራቸዋለን።

ሐኪም ወርቅነህ አማርኛን እንደ እንግዳ ከሀ ሁ ጀምረው ተማሩ። በእንግሊዝ መንግሥት ተቀጣሪ ስለ ነበሩ ወደ በርማ እየተመለሱ፣ ደግሞ በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው እየመጡ ብዙ ዓመት ቆዩ። በመጨረሻ ጡረታቸውን አስከብረው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለዘለቄታው አገራቸው ገቡ። ከዚያ ወዲያ ያልሠሩት ሥራ የለም ማለት ይቻላል። በሽተኛ አከሙ፤ ከውጭ አገር ሰዎች ጋር የሚነሣውን ሙግት በሚመለከተው ልዩ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኑ፤ መንገድ አሠሩ፤ ለተማሪዎች የጂኦግራፊ መጽሐፍ በአማርኛ ጻፉ፤ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውንም የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በበላይነት መሩ። ከዚህም በላይ ከባርነት ነጻ ለወጡ ልጆች ትምህርት ቤት እንዲቆም ደከሙ። ይህን የመጨረሻውን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዘው፤ ኋላ በለንደን ይጠቅመናልና።

ወደ አሜሪካ የተደረገው ጉዞ

በ1920 ዓ.ም. ሐኪም ወርቅነህ ወደ አሜሪካ ተላኩ። ዋናው ጉዳያቸው ከጣና የሚወጣውን የዓባይን ውኃ ለመገደብ ጄ. ጂ. ዋይት ከሚባለው የአሜሪካ የመሐንዲሶች ኩባንያ ጋር መነጋገር ነበር። ወሬው በኒው ዮርክ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ የእንግሊዝ መንግሥትና ጋዜጦች ተደናገጡ፤ በ1894 ዓ.ም. ከዐፄ ምኒልክ ጋር በተደረገው ውል መሠረት ያለ እኛ ፈቃድ ዓባይ አይነካም የሚል ክርክር ተነሣ። ሐኪም ወርቅነህም አንድ የጋዜጣ ዓምድ ስንት መንግሥት ሊያነቃንቅ እንደሚችል በዓይናቸው አዩ።

በዚሁ ጉዞ ጥቁር አሜሪካውያን በብዛት ወደሚኖሩበት ወደ ሃርለም ሄደው፣ ሐኪሞች፣ መሐንዲሶች፣ መምህራንና የእጅ ባለሙያዎች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ቢሠሩ መንግሥታችን በደስታ እንደሚቀበላቸው ነገሯቸው። ጊዜውን ማስተዋል ያስፈልጋል። ከዚያ በፊት በ1916 ዓ.ም. አሜሪካ ስደተኞችን በትውልድ አገራቸው እየለየች ቍጥራቸውን የሚወስን፣ ከእስያ የሚመጡትንም በሩን የሚዘጋባቸው ሕግ አውጥታ ነበር። ሕጉ ከመውጣቱ በፊት በርካታ መጽሔቶች የእንግዳ ዘር አገራችንን ያጠፋል እያሉ ለዓመታት ጽፈዋል። እንግዲህ ታላቋ አገር በሯን በምታጠብበት ጊዜ፣ ድኻዋ ኢትዮጵያ በመልእክተኛዋ አፍ እንግዳ ትጠራ ነበር ማለት ነው። በኋለኞቹ ዓመታት ጥቂቶች ጥሪውን ሰምተው መጡ። እሳቸው ራሳቸው በሰው አገር ያደጉ ስለ ሆኑ፣ እንግዳ ሰው ዕውቀቱን ይዞ እንደሚመጣ ከራሳቸው ሕይወት ያውቁት ነበር።

ከአሜሪካ ከተመለሱ በኋላ የጨርጨር አውራጃ ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪን አለሙ፤ ግብሩን፣ ፍርዱንና መንገዱን በአዲስ ሥርዓት አደራጅተው ለሌሎች አውራጃዎች ምሳሌ እንዲሆን ጣሩ። ከዚያ በ1927 ዓ.ም. በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ።

በለንደን የተደረገው የወረቀት ጦርነት

በ1927 ዓ.ም. በወልወል ከደረሰው ግጭት በኋላ ሙሶሊኒ ጦሩን በኤርትራና በሶማሊያ ማከማቸት ጀመረ። ነገር ግን ከጦሩ አስቀድሞ የላከው ወሬ ነበር። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር መጨረሻ የኢጣሊያ መንግሥት ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ትልቅ የክስ ጽሑፍ አቀረበ። የክሱም ፍሬ ነገር በኢትዮጵያ ባርነት አለ፣ ኢትዮጵያም የብዙ ነገዶች እስር ቤት ናት፣ ስለዚህ ከሠለጠኑ መንግሥታት ጋር በማኅበር ልትቀመጥ አይገባትም የሚል ነበር።

ይህን ክስ አንሥተው ያስተጋቡ የእንግሊዝ ጋዜጦችና መጽሔቶች ነበሩ፤ አብዛኞቹም የወግ አጥባቂው ወገን ነበሩ። በጣም ብዙ አንባቢ የነበረው የሎርድ ሮዘርሚር ጋዜጣ ዴይሊ ሜይል ሙሶሊኒን ያወድስ ነበር። ይህ ጋዜጣ ወደ አዲስ አበባ የላከው ወኪል ኢቭሊን ዎ የተባለው ስመ ጥር ደራሲ ነበር፤ እሱም ከመምጣቱ በፊት እንኳ የኢጣሊያን አሳብ ደግፎ ጽፎ ነበር። በጋርቪን አዘጋጅነት የሚወጣው ኦብዘርቨርም ለኢጣሊያ ያዘነበለ ነበር።

ስለ ባርነት የጻፉት ነገር ፍጹም ሐሰት ቢሆን ኖሮ መልሱ ቀላል በሆነ ነበር። ችግሩ ግን ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። በአገራችን ባርነት ነበረ፤ ይህን መካድ አይቻልም። በየአውራጃውም ግጭትና በደል ነበረ። ጋዜጦቹ የተዉት ሌላውን ግማሽ ነው። ኢትዮጵያ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ወደ ዓለም መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገብታ ነበር፤ በዚያው ዓመትም ባሪያዎች ቀስ በቀስ ነጻ የሚወጡበት ዐዋጅ ወጣ። ለንደን የተቀመጡት የኢትዮጵያ መልእክተኛ ደግሞ ነጻ ለወጡ ልጆች ትምህርት ቤት ካቆሙት ሰዎች አንዱ ነበሩ። ከጋዜጦቹ አዘጋጆች በዚህ ጉዳይ ከእሳቸው የበለጠ የሠራ ሰው አልነበረም። ኢጣሊያ በቅኝ ግዛቶቿ፣ በተለይም በሊቢያ፣ በአገሬው ሕዝብ ላይ ያደረሰችው ግፍም በእነዚያ ገጾች ላይ ቦታ አላገኘም። ስለዚህ አንባቢው የአንዱን ቤት ጉድፍ ብቻ እያየ ለሌላው ቤት ይፈርድ ነበር።

ሐኪም ወርቅነህ እንግሊዝኛን እንደ እንግሊዞች ያውቁ ነበር፤ ጠባያቸውንም እንዲሁ። ስለዚህ ለጋዜጦች ደብዳቤ እየጻፉ፣ በየስብሰባው እየተገኙ ንግግር እያደረጉ፣ ጋዜጠኞችን በሌጋሲዮኑ እየተቀበሉ ይደክሙ ጀመር። የኢትዮጵያም ጥያቄ ሁለት ነበር፤ ማኅበሩ የፈረመውን ውል ይጠብቅ፣ ኢትዮጵያም ራሷን የምትከላከልበት መሣሪያ እንዳትገዛ አትከልከል የሚል ነው። ብዙ እንግሊዞች ለኢትዮጵያ እንዝመት እያሉ ለሌጋሲዮኑ ጻፉ፤ ሆኖም የአገራቸው ሕግ ስለማይፈቅድ አልሆነም። ሌሎች ገንዘብ አዋጡ፤ በዶክተር ሜሊ የሚመራ የእንግሊዝ የቀይ መስቀል ጓድም ወደ ኢትዮጵያ ዘመተ። ከዚህ የምንረዳው በአንድ አገር የሚታተሙ ጋዜጦች ሁሉ አንድ ልብ እንዳልነበራቸው፣ አንባቢዎቻቸውም የጻፉላቸውን ሁሉ እንዳልተቀበሉ ነው።

ጋዜጣ ያፈረሰው ውል

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር መረብን ተሻገረ። በኅዳር መጨረሻ የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆርና የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ላቫል ከኢትዮጵያ ምድር ሰፊውን ክፍል ለኢጣሊያ የሚሰጥ ውል በምስጢር አዘጋጁ። ምስጢሩ በፓሪስ ጋዜጦች ወጣ። የእንግሊዝ ሕዝብ በቍጣ ተነሣ፤ የወግ አጥባቂው ወገን ታላቅ ጋዜጣ ታይምስ ሳይቀር ለኢትዮጵያ ሊሰጥ የታሰበውን የባሕር መውጫ ለግመል ብቻ የሚሆን መተላለፊያ ነው ሲል አላገጠበት። በታኅሣሥ 8 ቀን ሆር ከሥልጣኑ ወረደ። ከሦስት ቀን አስቀድሞ በሊማሊሞ የወረዱት የእኛ አባቶች በሽሬ በኩል ከጠላት ታንኮች ጋር ገጥመው ድል አግኝተው ነበር። በአንድ ሳምንት ውስጥ አንዱ ጦርነት በጎራዴና በጠመንጃ፣ አንዱ በወረቀት ተደረገ፤ በሁለቱም ኢትዮጵያ ቀናት።

ይሁን እንጂ ደስታው አልቆየም። በታኅሣሥ 13 ቀን በተከዜ አጠገብ በራስ እምሩ ጦር ላይ ከአውሮፕላን የመርዝ ጋዝ ተጣለ። ኢጣሊያ ከዐሥር ዓመት በፊት በ1917 ዓ.ም. በጄኔቫ በመርዝ ጋዝ ላለመዋጋት የፈረመች አገር ነበረች። ገላቸው የተላጠና ዓይናቸው የጠፋ ዘማቾች ውኃ ሊጠጡ ወደ ወንዙ ሲወርዱ ውኃውም ተመርዞ ነበር። ይህን ወሬ ወደ ለንደን ማድረስ ከመልእክተኛው ሥራ አንዱ ሆነ። የታይምስ ወኪል ጆርጅ ስቲር ስለ መርዙ ጋዝ ጻፈ። ኢጣሊያ ግን ካደች፤ ለኢጣሊያ ያደሉትም ጋዜጦች ነገሩን አቃለሉት። እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ማየት ይገባል። ስቲርና ኢቭሊን ዎ በአንድ ከተማ ተቀምጠው ስለ አንድ ጦርነት የጻፉ ሁለት እንግሊዛውያን ናቸው። አንዱ የተጎዳውን ሰው ቀርቦ ጠየቀ፤ ሌላው ከመምጣቱ በፊት የፈረደውን ፍርድ ይዞ ተመለሰ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባ ገባ። በዚያው ዕለት በለንደን ሲልቪያ ፓንክረስት የምትባል እንግሊዛዊት ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ የተባለውን ጋዜጣ ማተም ጀመረች። ሐኪም ወርቅነህም ከእሷ ጋር በኅብረት ሠሩ። ትልልቆቹ ጋዜጦች ኢትዮጵያን ሲረሷት ይህ ትንሽ ጋዜጣ በየሳምንቱ እየወጣ ነገሩ እንዳይሞት አደረገ። ስቲር ግን ብዙም ሳይቆይ በጣሊያኖች ከአዲስ አበባ ተባረረ።

የመንገዱ ነገር

ኢቭሊን ዎ በኋላ ስለ ኢትዮጵያ ባሳተመው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ጣሊያኖች የሚሠሩትን መንገድ አጥብቆ አመሰገነ። የደባርቅ ልጅ ይህን ሲሰማ ሊማሊሞን ማሰቡ አይቀርም፤ የሊማሊሞ መንገድ የተቈረጠው በዚያው በጠላት ዘመን ነውና። መንገዱ የሚያስደንቅ ሥራ መሆኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚለው ምሳሌ የተነገረው እንዲህ ላለው ነገር ነው። መንገዱ የተቀደደው ጦርና መድፍ ቶሎ እንዲያልፍበት ነበር፤ በመንገዱ አናት ላይም ጠንካራ የጠላት ምሽግ ቆሞ እስከ መስከረም 1934 ዓ.ም. ድረስ አርበኞችንና የእንግሊዝን ጦር ሲከላከል ቆየ። መንገድ መሥራትን ደግሞ ኢትዮጵያውያን ከጣሊያን አልጀመሩትም። ሐኪም ወርቅነህ ራሳቸው ከጦርነቱ በፊት በሰላም ጊዜ መንገድ ያስቀደዱ ሰው ነበሩ፤ ስለዚያ መንገድ ግን በለንደን መጽሐፍ የጻፈ አልነበረም።

የአባት ኀዘን

ሐኪም ወርቅነህ ብዙ ልጆች ነበሯቸው። ከነሱ ሁለቱ፣ ዮሴፍና ቢንያም፣ በእንግሊዝ አገር የምሕንድስና ትምህርት ተምረው አገራቸው ገብተው ነበር። ጠላት አዲስ አበባን ሲይዝ ሁለቱ ወንድማማቾች ከጥቁር አንበሳ ማኅበር ጋር ሆነው ወደ ምዕራብ ወጡ፤ በዳባትና በደባርቅ አልፈው የነበሩት ራስ እምሩም የዚያ ጦር አዛዥ ሆኑ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ራስ እምሩ በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው እጃቸውን ሰጡ። የካቲት 12 ቀን በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ጠላት በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ባወረደው መዓት፣ የተማሩት ወጣቶች ተለይተው ሲገደሉ፣ ዮሴፍና ቢንያም አብረው ተገደሉ።

አባታቸው በባዕድ አገር ነበሩ። አረመኔን ሊያሠለጥን ገባ ተብሎ የተጻፈለት መንግሥት በእንግሊዝ አገር የተማሩትን መሐንዲሶች ልጆቻቸውን ገደለ። ሽማግሌው ግን ሥራቸውን አልተዉም። በ1931 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን መያዟን እስኪያጸድቅ ድረስ የኢትዮጵያ ስም ከሌጋሲዮኑ በር እንዳይነሣ ታገሉ። በዚያ ዘመን ኢትዮጵያውያን በየአገሩ ተሰደው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ተቀመጡ፤ ሌሎች በኢየሩሳሌም፣ በኬንያና በሱዳን ተጠለሉ። ከእኛም አገር ወደ ሱዳን የተሻገሩ ነበሩ። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ከጀርመን የሸሹ አይሁድ ይገቡ ነበር፤ ዴይሊ ሜይልም በ1930 ዓ.ም. በነሐሴ ወር አይሁድ ስደተኞች አገሩን አጥለቀለቁት የሚል ወሬ ያትም ነበር። የኢትዮጵያን ሕዝብ እንደ አውሬ የሣለው ጋዜጣ ከሁለት ዓመት በኋላ የስደተኛውን አይሁድ እንደ ጎርፍ ሣለው። የሚጻፍበት ሰው ተለወጠ እንጂ የአጻጻፉ መንገድ አልተለወጠም።

ሐኪም ወርቅነህ ከለንደን ወደ ልጅነታቸው አገር ወደ ህንድ ሄዱ። በኅዳር 1934 ዓ.ም. የመጨረሻው የጠላት ጦር በተወለዱባት ከተማ በጎንደር እጁን ሰጠ። እሳቸውም በዚያው ዓመት ለሁለተኛ ጊዜ ከስደት ተመልሰው አገራቸው ገቡ፤ በ1945 ዓ.ም. በሰማንያ ስምንት ዓመት ዕድሜ ገደማ ዐረፉ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ይህን ታሪክ ስናነብ በእንግሊዝ ጋዜጦች ላይ ተቈጥተን ብቻ ብንቀር ጥቅሙ ትንሽ ነው። የሚበልጠው ነገር ራሳችንን መመርመር ነው። ዛሬ እኛም ስለ ሩቅ አገር ጦርነት፣ ስለ ሌላ ብሔርና ስለ ሌላ ሃይማኖት ሰዎች እናነባለን፤ እናወራለንም። ስለዚህ አራት ጥያቄ ይዘን ማንበብ ይገባናል። ጸሐፊው ነገሩን በዓይኑ አይቷል ወይስ ከመሄዱ በፊት ፈርዷል? ከእውነቱ የቱን ግማሽ ተወ? የሚጻፍበት ሰው መልስ እንዲሰጥ ቦታ ተሰጥቶታል? ጽሑፉ ቢነበብለትስ ራሱን ያውቀዋል?

ይህ የሩቅ ነገር አይደለም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ከጠለምትና ከአዲ አርቃይ በኩል የተፈናቀሉ ብዙ ወገኖች ወደ ደባርቅና ዳባት መጥተው ተጠልለው ነበር። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በዳባት አጠገብ በዓለምዋጭ ለኤርትራ ስደተኞች መጠለያ ተከፈተ። ሊማሊሞን ወጥቶ፣ ወይም ከዚያ ርቆ መጥቶ፣ ከእኛ ውኃ የሚቀዳና ከእኛ ገበያ እህል የሚሸምት ሰው ምን እንደሚባል ሁላችን ሰምተናል። አንዳንዱ ቃል እውነት ነው፤ ማገዶና ውኃ ለሁሉ አይበቃምና። አንዳንዱ ግን በ1930 ዓ.ም. በለንደን ስለ አይሁድ ስደተኞች ከተጻፈው አይለይም።

ሐኪም ወርቅነህ በሕፃንነታቸው የጠፉ፣ በሽምግልናቸው የተሰደዱ ሰው ነበሩ። በመጀመሪያው ስደታቸው አንድ እንግዳ ሰው የትምህርት ወጪ ከፍሎላቸው ሐኪም ወጣቸው። ከነዚያ ከተፈናቀሉትና ከተሰደዱት ልጆች መካከልም ነገ ለአገሩ አፍ የሚሆን አይጠፋም። ከእኛ የሚጠበቀው ከአጠገባችን ለሚቀመጥ ልጅ በወንበራችን ላይ ቦታ መልቀቅ፣ ስለ እሱ ከማውራታችን በፊት ስሙን መጠየቅ ነው። እኛም ትምህርታችንን አጥብቀን ይዘን፣ ስለ አገራችን እውነቱን ከነጉድለቱ የምንጽፍ እንሁን፤ የጎንደሩ ሐኪም በለንደን ያስተማሩን ይህንኑ ነውና።